የማወፈሪያው ኪኒን

ታናሽ እህቴን ልገድላት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሰፈሩ የሚያውቀው «ሠርጓ ሲቃረብ ታማ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ ተነሣች» የሚለውን ነው። በማን እጅ እንደታመመች የምናውቀው እሷ፣ እናቴ፣ አክስቴና እኔ ነን። አንድ የጤና ጣቢያ ሐኪምም ያውቅ ነበር፤ እሱ ከተዛወረ ግን ቆየ።

ያኔ ቆቦ ባጃጅ የገባ ሰሞን ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ሠላሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፣ አላገባሁም፣ ምላሴ ደግሞ አያድርስ ነው። ተማሪዎቼ በሌለሁበት «ሚጥሚጣ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ይለኝ ነበር። ክፍል ስገባ ሰማንያ ልጅ እንደ አንድ ሰው ጸጥ ይላል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱንም የማስተዳድረው በዚያው አፌ ነበር። እናቴ ዝምተኛ ናት፤ እህቴም በእናቷ የወጣች ናት።

እህቴን ለዋጃ ሰው ያጨቻት አክስቴ፣ የአባቴ እህት ናት። ልጁ ጨዋ ነው፣ መሬት አለው፣ ቤተሰቡም የተከበረ ነው፤ በዚህ ማንም ቅር አላለውም። ችግሩ የእህቴ ቅጥነት ነበር። እኛ ቤት ከሥጋችን አጥንታችን ቀድሞ ሰላም ይላል። በኛ በራያ ቆላ ደግሞ ከሲታ ሙሽራ የምታሳፍረው ራሷን አይደለም፣ ቤቷን ነው። «ምን ሲያበሏት ኖሩ? የማሽላ ጉድጓዳቸው ባዶ ነው እንዴ?» ይባላል። ክፉውን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም የሰውን ቤት የሚመዝኑት በልጁ ጉንጭ ነው። ስለዚህ የታጨች ልጅ ፀሐይ አይንካት፣ ውሃ አትቅዳ ተብላ እቤት ትቀመጣለች፤ ወተቱ፣ ቅቤው፣ ገንፎው ይቀርብላታል።

እህቴ ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጣ በልታ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። አክስቴ በየሳምንቱ እየመጣች ክንዷን ጨበጥ ታደርግና «ኤዲያ! ይች ልጅ ምግቡን የት ነው የምታደርገው?» ትላለች። በሦስተኛው ወር ግን ድንገት ተለወጠች። ጉንጯ ሞላ፣ ፊቷ ክብ ሆነ፣ አገጯ ተደረበ። ጎረቤቱ እየመጣ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ሲል አክስቴ ዓይን እንዳይገባባት ብላ ሻሽ ታከናንባታለች። እኔስ? እኔ ቀናሁ። እውነቱን ልናገር ብዬ ተነሥቻለሁና ይኸው ተናገርኩ። እኔን ማንም «ትወፍር» ብሎ አስቀምጦ ቀልቦኝ አያውቅም።

ገላዋን ሳጥባት አይቼ ያለፍኩት ብዙ ነገር ነበር። ፊቷና ሆዷ ሲሞላ ክንዷና እግሯ ያው ቀጫጫ ናቸው። ሆዷ ላይ ጥፍር የቧጠጠው የሚመስል ቀይ መስመር ወጥቶባታል። ማጅራቷ ሥር ሥጋ ተቆልሏል። ትንሽ ነገር ከገጫት ቆዳዋ ይበልዛል። «ቅቤው ነው» አልኩ። ባዮሎጂ ተምሬ፣ ባዮሎጂ እያስተማርኩ፣ «ቅቤው ነው» አልኩ!

የሚገርመው በዚያው ሰሞን የማስተምረው ስለ ሆርሞንና ስለ ዕጢዎች ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቆርቆሮው ግሏል፣ ልጆቹ በደብተራቸው ያራግባሉ፣ እኔ ሰሌዳው ላይ ሰው ሥዬ ዕጢዎቹን በየቦታቸው አስቀምጣለሁ። «ሆርሞን መልእክተኛ ነው፤ መንገዱ ደም ነው» እላለሁ። አንጎል ሥር ሽምብራ የምታህል ዕጢ አለች፤ ፒቱታሪ ትባላለች፤ ትንሽ ናት፣ ግን አዛዥ ናት። አንገት ላይ ታይሮይድ አለ፤ ሰውነታችን በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነው። ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን አመንጭቶ ስኳራችንን ይቆጣጠራል። በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ ደግሞ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ዕጢዎች አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስሮጠው ሆርሞን ከነሱ ይመጣል። ኮርቲዞልም ከነሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ሰው ሕመምንና ረሃብን መቋቋም አይችልም፣ የደም ግፊቱም ይወድቃል። ከዚያ ቀስት እሠራለሁ። ደም ውስጥ ኮርቲዞል ሲበዛ ሽምብራዋ «በቃ» ብላ ማዘዟን ታቆማለች፤ ትእዛዝ ያጣው ዕጢም ሥራውን ይተዋል። «ይች ቀስት ፈተና ላይ ትመጣለች!» ብዬ ሰሌዳውን በጠመኔ ደበደብኩት።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገብቼ ኩል ልፈልግ የእህቴን ሣጥን ከፈትኩ። ከልብሷ ሥር በሻሽ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ስፈታው ኪኒን ነው፤ ትንንሽ፣ ነጭ፣ ብዙ። ማሸጊያው ላይ ዴክሳሜታዞን ይላል። ለአስምና ለአለርጂ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት መሆኑን አውቃለሁ። እህቴ ደግሞ አስም የለባትም።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «የማወፈሪያው ነው፣ እትዬ» አለች ድምፅዋ እየጠፋ።

«ማነው የሰጠሽ?»

ዓይኗ ወደ ጓዳ ሄደ፤ አክስቴ ለሠርጉ ዝግጅት ብላ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነበር። አክስቴ እንደሆነች መሸሽ አታውቅም፣ ወጥታ ፊቴ ተገተረች። «እኔ ነኝ! ምን ታመጭ? ጎብዬ ገበያ ከጅቡቲ ሽቶና ሂና የምታመጣ ሴትዮ አለች፣ ከሷ ነው የገዛነው። ስንቷ ሙሽራ በሱ አይደል እንዴ ያማረባት? መጀመሪያ በቀን አንድ፣ ኋላ ሁለት፣ አሁን አራት ትውጣለች። አምስት ወሯ ነው። ምን ሆነች? አማረባት እንጂ!»

ጮህኩ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። «መርዝ ነው ያበላሻት! ድንቁርና እንዲህ ነው!» አልኳት፤ የአባቴን እህት፣ በእጇ ያሳደገችኝን። ኪኒኑን አፍሼ በጓሮ በኩል ወደ ሽንት ቤት ሄድኩ። እህቴ ተከትላ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች። «እትዬ፣ በነቢ ይዤሻለሁ፣ አትጣይብኝ!» እያለች ታለቅሳለች። «ዝም በይ! አንች ምን ታውቂያለሽ?» አልኩና ገፍቻት ጉድጓዱ ውስጥ በተንኩት። ያን ጊዜ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ሁሉ «ማሻአላህ» በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛዋ እኔ ሆንኩ፣ አይደል?

በማግሥቱ ምንም አልነበረም። በሁለተኛው ቀን «ደከመኝ» ብላ ተኛች፤ አኩርፋ ነው ብዬ ተውኳት። በሦስተኛው ቀን መገጣጠሚያዋን ያማት ጀመር፣ ምግብ ሸተታት፣ ወተቱን ስታይ ፊቷን አዞረች። በአራተኛው ቀን ጧት አስታወከች። ቁርስ ሳትቀምስ፣ ውሃ ብቻ ጠጥታ፣ እየተንቀጠቀጠች አስታወከች።

እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ቀና ብላ አክስቴን አየቻት። አክስቴም እናቴን አየቻት። ሴት ልጅ ባለበት ቤት ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ወር አበባሽስ?» አለች አክስቴ ጎንበስ ብላ።

እህቴ ጋቢዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ስትጨነቅ «ሦስት ወር ሆነው፣ አልመጣም» አለች።

አክስቴ ደረቷን መታች። «ዋይ! ውርደት! ከማን ነው? ተናገሪ!»

«ወላሂ ማንንም አላውቅም! ወላሂ!» እህቴ የአክስቴ እግር ላይ ወደቀች። ማልቀስ እንኳ አቅቷት ነበር።

እና እኔ፣ ቲቸሯ፣ ምን አልኩ? ዕጢ ሲታወክ ወር አበባም ሊቀር እንደሚችል የማውቀው እኔ? «እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም» አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ። ግማሽ ቀን ሙሉ እህቴ አርግዛለች ብዬ አመንኩ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

አክስቴ በሩን ዘጋችው። የመጣ ሰው ሁሉ «ሙሽራዋን ብርድ መታት» እየተባለ ከደጅ ይመለሳል። ጤና ጣቢያ ትሂድ ስል «አብደሻል?» አለችኝ። «ካርድ ክፍል የምትሠራዋ የዋጃ ልጅ ናት፣ የሙሽራው አጎት ልጅ! ሙሽራዋ እያስታወከች መጣች ሲባል ወሬው ከኛ ቀድሞ ዋጃ አይገባም?» አለች። እናቴ ጥግ ተቀምጣ መስበሐዋን፣ የጸሎት መቁጠሪያዋን፣ ትቆጥራለች። እኔም፣ ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፣ ዝም አልኩ። ትንሽ ካረፈች ይተዋታል አልኩ። ሆድ ያባውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ እኔም ውርደቱን ፈርቼ ነበር።

በአምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐዩ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ሰዓት፣ እህቴ ልትነሣ ብላ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ተዘረረች። ደርሼ ሳቅፋት ገላዋ ቀዝቅዟል። በቆቦ ሙቀት ቀዝቃዛ ላብ አጥምቋታል። ከንፈሯ አመድ መስሏል። የእጇን ሥር ስዳስስ የልብ ምቷ ይሮጣል፣ ግን እንደ ክር ቀጥኗል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አጣዋለሁ።

«እማዬ፣ እየሞተች ነው! ባጃጅ ጥሪ!»

አክስቴ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች። ሁለት እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ፣ እያለቀሰች፣ «ሬሳዋ ይውጣ እንጂ ዲቃላ ይዛ ከወንድሜ ቤት አትወጣም!» አለች። ቀልድ አልነበረም። ክፋት አልነበረባትም፤ ለወንድሟ ስም የምትሞት ሴት ናት። እኔ እህቴን እንዳቀፍኩ መሬት ላይ ቀረሁ።

እናቴ ተነሣች። መስበሐዋን አስቀመጠች። በቀስታ ሄዳ የአክስቴን ጣቶች አንድ በአንድ ከመቀርቀሪያው አላቀቀቻቸው። «ሬሳ ወልጄ አልሰጠሁሽም» አለቻት። «ልጄን ልቀቂልኝ።» አክስቴ እጇን ሰበሰበች። እናቴ እንዲያ ስትናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

ባጃጁ ውስጥ እህቴን በጋቢ ጠቅልለን በጭናችን ላይ አጋደምናት። ሾፌሩ በመስታወት እያየ «ምን ሆና ነው?» ቢል «ንዳ!» አልኩት። አክስቴም በሌላ ባጃጅ ተከትላ መጣች።

ጤና ጣቢያው ያለው ወጣት ጤና መኮንን ወንድሙ የኔ ተማሪ ስለሆነ ያውቀኛል። ካርድ ሳይጠይቅ አስገባንና ግፊቷን ለካ፣ ደገመ፣ ሦስተኛ ለካ። የላይኛው ስድሳ ነው፣ የታችኛው አይሰማም። ወዲያው ግሉኮስ ተተከለላት። ደም ለወባ ተወሰደ። ሽንቷም ለእርግዝና ተወሰደ፤ አክስቴ ግድግዳው ጋ ተለጥፋ ዓይኗን ጨፈነች።

ወባ የለም። እርግዝናም የለም።

«ያረቢ! አልሐምዱሊላህ!» አክስቴ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። እናቴ ግን ዞር ብላ አላየቻትም፤ የምታየው የልጇን ፊት ነው። ሁለተኛው ግሉኮስ እየገባ ግፊቷ አልነሣ አለ። ልጅቱ ስትጠራ አትመልስም፤ ዓይኗ ግማሽ ክፍት ነው፣ ነጩ ብቻ ይታያል።

ጤና መኮንኑ ግራ ገባው። «አስም አለባት? መድኃኒት ስትወስድ ነበር? ማንኛውም ኪኒን?»

«ምንም! ምንም አልወሰደችም!» አለች አክስቴ ከመሬት። «ምች ነው የመታት፣ ዶክተር።»

እኔ ያን ጊዜ የእህቴን ፊት አየሁ። ክብ ፊቷን፣ ሰውነቷ ሁሉ ደም አጥቶ እንኳ እንደሞላ የቀረውን። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ በጠመኔ የሠራሁት ቀስት ፊቴ ተደቀነ። አምስት ወር ሙሉ ኮርቲዞልን የሚተካ ኪኒን ከውጭ ገባላት። የራሷ ዕጢ «በቃ» ተባለ፣ ተኛ። ከዚያ የውጩን እኔ ባንድ ቀን ቆረጥኩባት። አሁን ሰውነቷ ውስጥ ከውጭም ከውስጥም የለም።

መናገር ነበረብኝ። ብናገር፣ እናቴ ፊት፣ ልጅሽን የገደልኳት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ጤና መኮንኑ ፊቱን ሊያዞር ነው፣ ሌላ ነገር ሊያዝ ነው። እህቴ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ሁለተኛው እስኪመጣ ቆየ።

«ዴክሳሜታዞን!» አልኩ። «አምስት ወር። በመጨረሻ በቀን አራት ትወስድ ነበር። ለመወፈር። ከአምስት ቀን በፊት እኔ ሽንት ቤት ጣልኩባት። እኔ ነኝ፣ ዶክተር። እኔ ነኝ ያቆምኩባት።»

ጤና መኮንኑ ሮጠ። መድኃኒት ቤቱ ጋ ቁልፍ ሲፈልጉ፣ ሲጯጯሁ ሰማሁ። ሃይድሮኮርቲዞን ይዞ መጥቶ በደም ሥሯ ሰጣት፤ ከዚያ ጨው ያለበት ፈሳሽ በሁለቱም ክንዷ ለቀቀባት። «እንጠብቅ» አለ። እናቴ ወደኔ አላየችም። አክስቴ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር፤ ሰከንድ ቆጣሪው ሲዞር ማየት አቅቶኝ መሬት መሬቱን አየሁ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ ግፊቷ ሰባ ገባ። ቀጥሎ ሰማንያ አምስት። ላቧ ደረቀ፣ ከንፈሯ ቀለም ያዘ። አመሻሽ ላይ ዓይኗን ገልጣ «ጠማኝ» አለች፣ እናቴም እንደ ሕፃን አቅፋ አጠጣቻት።

ጤና መኮንኑ ደጅ ጠራኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ቲቸር፣ ዓመት ሙሉ ሳይጠመድ እየተቀለበ የከረመ በሬ ባንድ ቀን እርሻ ይችላል?» አለኝ። «ይወድቃል። ቀስ እያሉ ነው የሚያለማምዱት። የእህትዎ ዕጢም እንደዚያ ነው። ኪኒኑ መቆሙ ልክ ነው፤ ግን በሐኪም፣ እየተቀነሰ፣ በወራት ነው የሚቆመው። ይህን እርስዎ ያጡታል ብዬ አልገምትም ነበር።» ወንድሙን ያችን ቀስት ፈተና ላይ ሳትክ ብዬ የተቆጣሁት በዚያው ሳምንት ነበር።

በማግሥቱ ወልዲያ ሆስፒታል ተላከች፤ አብሬያት ሄድኩ። ለዋጃዎቹ «ታይፎይድ ነው» ተባለ፣ ሠርጉም ተገፋ፤ ልጁ ጨዋ ነው ብያችኋለሁ፣ ጠበቀ። ሐኪሞቹ ኪኒኑን መልሰው ጀመሩላት፤ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ እየተቀነሰ እንዲሄድ ጽፈው ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጨው በዝቶበት የተሠራ ሾርባ ጠጣች። ጉንጯ ያው ክብ ነው፣ ዓይኗ ግን የራሷ ሆኗል። ሳህኑን ተቀብዬ እያስቀመጥኩ፣ የሚከነክነኝን ጠየቅኳት።

«ያ ሁሉ ቀን ሲያምሽ ኪኒኑ ስለቀረ ነው ብለሽ አላሰብሽም?»

«አውቄያለሁ እንጂ» አለች።

«ምን?»

«ሴትዮዋ አንድ ቀን ኪኒኑን እቤት ድረስ ስታመጣልኝ ነግራኛለች። ባንድ ጊዜ እንዳታቆሚ፣ አንዲት ልጅ ባንድ ጊዜ አቁማ ሞታለች ብላኛለች።»

አንዲት የገበያ ሴት ታውቃለች፣ ቤት የዋለች ሙሽራ ታውቃለች፤ እኔ አላውቅም። «ታዲያ እንዴት አልነገርሽኝም? አራት ቀን ሙሉ! አጠገቤ ተኝተሽ!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ አንገቷን ሰበር አደረገች፣ እጇን ፊቷ ላይ ልታነሣ ቃጣት። ያን ጊዜ ገባኝ። እስክትናገረው ድረስ ግን ላምን አልፈለግሁም።

«ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር» አለች፣ አንሶላውን እያየች። «አንዴ ፈተና እያረምሽ ነበር፣ በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ። አንዴ ደግሞ እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም ስትይኝ፣ ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ። ዓይንሽን ሳይ ግን... ትጮሂብኛለሽ አልኩ። መሞቱ ቀለለኝ፣ እትዬ።»

ቀጥሎ ሌላም ተናገረች፤ ገና በልጅነቷ ስለጮኽኩባት አንድ ቀን፣ እኔ ረስቼው እሷ ያልረሳችውን። መልስ አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጥኳት።